ከልዩ ፍላጎት ክፍል ጓደኞቻችን ጋር እርሻ እንዴት እንጎብኝ?

እኔ የ7ኛ ክፍል ተማሪና የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል ነኝ። ዛሬ የምጽፍላችሁ በመስከረም መጨረሻ ክበባችን ከልዩ ፍላጎት ክፍል ተማሪዎች ጋር ስላደረገው የእርሻ ጉብኝት ነው።

«ሊበን ተቀምጦ ደግሞ የምን እርሻ ጉብኝት! ከላም ጋር አይደል የምናድረው?» ብላችሁ ትስቁ ይሆናል። እኔም ስቄ ነበር። ለንደን ውስጥ ኬንቲሽ ታውን በሚባል ሰፈር ከ1972 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በከተማ መሃል ላምና ፍየል የሚታይበት እርሻ አለ። ለከተማ ልጅ ይገባል። እኛ ግን ከብት ጠብቀን፣ አረም አርመን ነው ያደግነው። ቲቸር ግን «ከልዩ ፍላጎት ክፍል ከብት ጠብቆ የሚያውቅ ማን አለ?» ብለው ጠየቁን። ሁላችንም ዝም አልን። ብዙ ቤተሰብ «በሬ ይወጋዋል፣ ገደል ይገባል» እያለ ልጁን ከግቢ አያስወጣም። ስለዚህ ቤቱ ጥማድ በሬ እያለ በሬ ነክቶ የማያውቅ ልጅ አለ።

የሄድነው እዚሁ ቅርብ ወዳለው የአርሶ አደሮች ማሰልጠኛና ከጎኑ ወዳለ አንድ ገበሬ ግቢ ነው። ከዚያ ቀን የተማርኩትን በተራ ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ ዓይነ ስውር ጓደኛችሁን አትጎትቱት። እኔ የረዳሁ መስሎኝ አንዱን ልጅ እጁን ይዤ ጎተትኩት፤ ቦዩ ጋ ስንደርስ ወደቀ። በጣም አፈርኩ። ቲቸር ቀስ ብለው አሳዩኝ፦ እሱ የእናንተን ክንድ ከክርናችሁ በላይ ይያዝ፣ እናንተ ግማሽ እርምጃ ቅደሙ። ቦይ ወይም ድንጋይ ሲኖር አስቀድማችሁ ንገሩት።

ሁለተኛ፣ መስማት ለተሳናት ጓደኛችሁ ፊታችሁን አዙራችሁ ተናገሩ። የልማት ሠራተኛው ወደ ማሳው ዞረው ሲያስረዱ እሷ ምንም አልደረሳትም ነበር። ፊታቸውን ወደ እኛ ሲያዞሩና ቲቸር በምልክት ቋንቋ ሲያስተረጉሙላት ግን ከሁላችንም በላይ የጠየቀችው እሷ ናት።

ሦስተኛ፣ ቀጥሎ የሚሆነውን ቀድማችሁ ንገሩ። የውሃ ሞተሩ ድንገት ሲነሳ አንድ ልጅ ጆሮውን ይዞ ቁጭ አለና አለቀሰ። አንዳንድ ልጆች፣ በተለይ ኦቲዝም ያለባቸው፣ ድንገተኛ ድምፅ በጣም ይረብሻቸዋል። ሞተሩ ጠፍቶ «አሁን ዶሮ እናያለን፣ ከዚያ ዳቦ እንበላለን» ሲባል ተረጋጋ።

አራተኛ፣ ማየት ብቻ ሳይሆን መንካትም ጉብኝት ነው። ዳጉሳ ራሱ እንደ እጅ ጣት የተከፋፈለ ነው። የበቆሎውን ጺም ደግሞ ስንነካ የልማት ሠራተኛው አንድ ነገር ነገሩን፤ እያንዳንዱ የጺም ክር ከአንዲት ፍሬ ጋር የተያያዘ ነው፤ ዱቄቱ ያልደረሰው ክር ፍሬው ባዶ ይቀራል። ይህን ሁሉ ዓመት እሸት ስበላ አላውቅም ነበር! ቀፎውን ግን ማንም አልነካም፤ ንብ ሲጠጉት ይናደዳል። «ንብ አለ» ብሎ መጀመሪያ ያስቆመን ያ የጣልኩት ልጅ ነው፤ እኛ ቀፎውን ገና አላየነውም ነበር።

በመጨረሻ ገበሬው አንድ ገራም በሬ ያዙልን። ልጁ ከሻኛው ጀምሮ እስከ ጭራው ዳሰሰው። ቀንዱ ጋ ሲደርስ «እንዴ፣ ይሄ የት ነው የሚያልቀው?» አለ። ሳቅን፣ እሱም ሳቀ። ከዚያ «የእኛም በሬ ይህን ያህላል?» ሲል ግን ማንም አልሳቀም።

ይህ ችሮታ አይደለም። አገራችን የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት በ2002 ዓ.ም አጽድቃለች፤ የስምምነቱ አንቀጽ 24 ትምህርት መብታቸው ነው ይላል።

ይህን የምጽፈው ግን ሌላም ምክንያት ስላለኝ ነው። ታናሽ እህቴ 8 ዓመቷ ነው፤ አትናገርም። እስካሁን አልተመዘገበችም። ዶሮዎቹን በየቀኑ የምትመግበው ግን እሷ ናት፤ አንዷ ብትጠፋ ከሁላችን በፊት ታውቃለች። ማታ ለአባቴ ስለ ጉብኝቱ ነገርኩት። አባቴ «ብትጎዳስ? ማን ያይልኛል?» አለኝ። እኔም በብሬይል የሚነበበውን ጽሕፈት የፈጠረውን ሉዊ ብሬይልን ነገርኩት። በ3 ዓመቱ በአባቱ መሥሪያ ቦታ ዓይኑን ተጎዳ፤ በኋላም ሁለቱም ዓይኖቹ ጠፉ። ወላጆቹ ግን ቤት አላስቀሩትም፤ መንደሩ ትምህርት ቤት ላኩት። በ15 ዓመቱ በ6 ነጥቦች የሚጻፈውን ጽሕፈት ሠራ። አባቴ ብዙ ዝም ብሎ «እስቲ መምህሩን አናግራቸዋለሁ» አለ።

እስካሁን አላናገራቸውም። እኔ ግን ምዝገባ እስኪደርስ በየሳምንቱ አስታውሰዋለሁ። እናንተም ቤታችሁ ወይም ጎረቤታችሁ እንዲህ ያለ ልጅ ካለ ለቲቸር ንገሩ። ዳጉሳ ሲታጨድ ሁለተኛ ጉብኝት አለ፤ ክንድ የሚያበድር ልጅ እንፈልጋለን። ስም የሚመዘገበው በሚኒ ሚዲያ ክፍል ነው።

ሰላም ሁኑ።