ደንገልና ገል፦ የግብፅ ገበሬ ኑሮ በሮማውያን ዘመን

የሮማ መንግሥት ታሪክ ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ የምንሰማው ስለ ቄሣሮች፣ ስለ ጦር አለቆችና ስለ ታላላቅ ሕንፃዎች ነው። በግዛቱ ሥር ይኖር የነበረው ተራ ሰው ምን ይከፍል፣ ማንን ይፈራ፣ ለማንስ አቤት ይል እንደነበር የሚነገረው ጥቂት ነው። ከግዛቶቹ ሁሉ ይህን አብልጣ የምትገልጽልን ግብፅ ናት። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የሮማ አገዛዝ ወደ ግብፃዊው ገበሬ ቤት በምን መንገድ ይገባ እንደነበር በአጭሩ ማስረዳት ነው። (ዘመናቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ግብፅ በሮማውያን እጅ የወደቀችው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ30 ዓመት፣ በኋላ አውግስጦስ ቄሣር በተባለው በኦክታቪያኖስ ጊዜ ነው። በየክረምቱ ከኢትዮጵያ ደጋ የሚወርደው የዓባይ ሙላት መሬቷን ያለመልም ስለነበር ስንዴዋ ለሮማ ከተማ ትልቅ ሀብት ነበር። አይሁዳዊው የታሪክ ጸሐፊ ዮሴፍ ፍላቪዮስ ግብፅ ሮማን በዓመት ለአራት ወር ትቀልብ እንደነበር ጽፏል።

የገበሬውን ኑሮ ለማወቅ የቻልነው በአገሩ ድርቀት ምክንያት ነው። ሕዝቡ ውልና አቤቱታ የሚጽፈው ከደንገል በተሠራ ወረቀት ላይ ነበር፤ ይህም በጣና ሐይቅ ላይ ታንኳ የሚሠራበት ተክል ነው። ለትንንሽ ደረሰኝ ደግሞ የተሰበረ ሸክላ፣ ማለትም ገል፣ ይበቃ ነበር። ግሬንፌልና ሀንት የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን ሊቃውንት ከ1896 እስከ 1907 ባለው ጊዜ የኦክሲሪንኩስን ከተማ የቆሻሻ ክምር ቆፍረው በመቶ ሺሕ የሚቆጠር የወረቀት ቁራጭ አወጡ። የጥንት ሰዎች ጥለውት የነበረው ነገር ለዛሬው ተመራማሪ ትልቅ መዝገብ ሆነ።

ከእነዚህ ጽሑፎች እንደምንረዳው ለአብዛኛው ገበሬ አገዛዙ የሚታወቀው በመዝገብ ነበር። በየ14 ዓመቱ ቆጠራ ይደረጋል። የቤቱ ባለቤት የቤተ ሰቡን ስምና ዕድሜ፣ አንዳንዴም በአካላቸው ላይ ያለውን ጠባሳ ሳይቀር ያስመዘግባል። ከዚያ በኋላ ዕድሜው 14 ዓመት የሞላው ወንድ ሁሉ እስከ 60 ዓመት ገደማ ድረስ የነፍስ ወከፍ ግብር ይከፍላል። በአርሲኖይ አውራጃ፣ ማለትም በዛሬው ፋዩም፣ ግብሩ በዓመት 40 ድራክማ ነበር። ይህም በአንደኛው ምዕት ዓመት አንድ የቀን ሠራተኛ ከአንድ ወር በላይ ሠርቶ የሚያገኘው ደመወዝ ነው። በዚያው አውራጃ በዋናው ከተማ በባለመብትነት የተመዘገበው ሰው 20 ድራክማ ብቻ ሲከፍል፣ የሮማና የእስክንድርያ ዜጋ ግን ምንም አይከፍልም። እንግዲህ ግብሩ የሚመዘነው በትውልድ እንጂ በሀብት ስላልነበረ፣ ደኻው ከባለጸጋው ይበልጥ ይከፍል ነበር ማለት ነው። በዚህ ላይ የእህል ግብርና በየዓመቱ ለአምስት ቀን የመስኖ ቦይና ግድብ መሥራት ነበረበት።

መክፈል ያቃተው ሰው የቀረው መንገድ መሸሽ ነበር። በ50ዎቹ ዓመታት የስድስት መንደሮች ግብር ሰብሳቢዎች ለእንደራሴው ለባልቢሉስ ባቀረቡት አቤቱታ፣ መንደሮቻቸው ሰው እያጡ መሄዳቸውን አመልክተዋል። በ104 ደግሞ እንደራሴው ቪቢዩስ ማክሲሙስ ለቆጠራው ሲባል ሰው ሁሉ ወደየአገሩ እንዲመለስ አዋጅ አወጣ። የሉቃስን ወንጌል ለሚያውቅ አንባቢ ይህ እንግዳ ነገር አይሆንበትም። የሸሸው ሰው ግብር በቀሩት ጎረቤቶቹ ላይ ይከፋፈል ስለነበር፣ የአንዱ መሸሽ ሌላውን ለመሸሽ ይገፋፋው ነበር። ለጠንቋይ ይቀርቡ ከነበሩት ጥያቄዎች መካከል ንብረቴ በሐራጅ ይሸጥ ይሆን፣ ስደተኛ እሆን ይሆን የሚሉ መገኘታቸው ሥጋቱ ምን ያህል የተለመደ እንደነበር ያስረዳል።

ይሁን እንጂ ገበሬውን የሚያስጨንቀው ወረቀት መከላከያውም ነበር። ደረሰኙን የጠበቀ ሰው ግብሩን ሁለት ጊዜ እንዲከፍል ቢጠየቅ ማስረጃ አለው። የተበደለም ሰው አቤት ይላል፤ እንደራሴው ሱባቲያኑስ አቂላ በሦስተኛው ምዕት ዓመት መጀመሪያ ወደ አርሲኖይ በመጣ ጊዜ ሦስት ቀን ባልሞላ ጊዜ ውስጥ 1,804 አቤቱታዎች ቀርበውለታል። ስንቱ ፍትሕ እንዳገኘ ባይነገርም፣ ሕዝቡ ተስፋ አለመቁረጡን ቁጥሩ ይመሰክራል።

አብዛኛው ሕዝብ መጻፍ ስለማይችል በጸሐፊ እጅ መውደቁ ግን አልቀረም። ጸሐፊውም ቢሆን ሁልጊዜ የተማረ አልነበረም። ከ184 እስከ 187 ገደማ የመንደር ጸሐፊ የነበረው ፔታውስ ፊርማውን ደጋግሞ የተለማመደበት ወረቀት ተገኝቷል፤ መካከል ላይ ሲደርስ አንዲት ፊደል ረስቶ እስከ መጨረሻው እንደዚያው ስቶ ጽፏል። ይኸው ሰው ሌላ የመንደር ጸሐፊ ፊደል አያውቅም ተብሎ በተከሰሰ ጊዜ፣ መፈረም ስለሚችል መሐይም አይደለም ብሎ ተከራክሮለታል።

በእነዚህ ወረቀቶች መካከል የቤተ ሰብ ድምፅም ይሰማል። ቴዎን የሚባል ልጅ አባቱ ወደ እስክንድርያ ሳይወስደው በመሄዱ ተቆጥቶ፣ ካልወሰድከኝ እህል ውሃ አልቀምስም ሲል በተሳሳተ ሰዋስው ጽፎለታል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1 ዓመት ደግሞ ሂላሪዮን የተባለ ሠራተኛ ከእስክንድርያ ለነፍሰ ጡር ሚስቱ በፍቅር ቃል ከጻፈላት በኋላ፣ የሚወለደው ወንድ ከሆነ እንድታሳድገው፣ ሴት ከሆነች ግን እንድትጥላት ያዝዛል። ርኅራኄና ጭካኔ በአንድ ደብዳቤ ተቀምጠዋል።

በ212 ቄሣር ካራካላ በግዛቱ ያለውን ነጻ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል የሮማ ዜጋ አደረገው። የእህሉ ግብርና የግዴታው ሹመት ግን በገበሬው ጫንቃ ላይ እንዳለ ቀረ። ከዚህም የምንማረው የአንድን አገዛዝ ጠባይ ለመመርመር የአዋጁን ቃል ማንበብ ብቻ እንደማይበቃ ነው፤ ገበሬው በእጁ የያዛት የደረሰኝ ገልም መነበብ አለባት።