ለልጅዎ ምን ብለው ይነግሩታል?

በዲሴምበር 23 ቀን 1951 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ አገር ዲዦን በምትባል ከተማ አንድ ያልተለመደ የሞት ቅጣት ተፈጸመ። የተቀጣው ጢሙ የነጣ፣ ልብሱ የቀላ ሽማግሌ ነበር። በከተማይቱ ካቴድራል የብረት አጥር ላይ ከተሰቀለ በኋላ፣ በመቶ የሚቈጠሩ ሕፃናት ቆመው እያዩት በአደባባይ ተቃጠለ። ደም ግን አልፈሰሰም፤ የተቃጠለው የገና አባት ምስል ነበረና። ሥራው የተሠራው በካህናቱ ፈቃድ ሲሆን፣ ምክንያታቸውም የጌታ ልደት በዓል በአንድ የፈጠራ ሽማግሌ ተሸፈነ፤ ለሕፃናትም ውሸት ይነገራል የሚል ነበር። በማግሥቱ ማታ ደግሞ «ሞተ» የተባለው የገና አባት በማዘጋጃ ቤቱ ጣሪያ ላይ ቆሞ ለልጆቹ ታየ።

ነገሩ በፈረንሳይ ጋዜጦች ላይ ብዙ ክርክር አስነሣ። ክሎድ ሌቪ-ስትሮስ የተባለው ስመ ጥር የባህል ተመራማሪም በ1952 እ.ኤ.አ. ስለዚሁ ጉዳይ ጽፏል። እርሱ እንደሚለው፣ መመርመር ያለበት ልጆች የገና አባትን ለምን እንደ ወደዱት አይደለም፤ ትልልቆቹ ሰዎች ለምን እንደ ፈጠሩት ነው።

አንባቢ ሆይ፤ ይህ ወሬ ምናልባት ፈገግ ያሰኝዎ ይሆናል። ይሁን እንጂ የዲዦን ሰዎች የተጣሉበት ጥያቄ እኛንም የሚመለከት ነው። በአዲስ አበባ በበዓሉ ሰሞን በትልልቅ ሱቆችና ሆቴሎች ቀይ ካባ የለበሰውን ሽማግሌ ማየት የተለመደ ሆኗል። በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩት የብዙ ወገኖቻችን ልጆች ደግሞ በየዓመቱ ሁለት ገና ያያሉ፤ አንዱ የትምህርት ቤት ጓደኞቻቸው የሚያከብሩት፣ ሁለተኛው የአባትና የእናታቸው ነው። እርስዎ ተማሪ ወይም ጀማሪ የመንግሥት ሠራተኛ ከሆኑ ምናልባት ገና ልጅ አልወለዱ ይሆናል። ታናሽ ወንድም ወይም የእኅት ልጅ ግን አይጠፋም። እንግዲህ «የገና አባት እውነት አለ ወይ? እግዚአብሔርስ የት ነው ያለው?» የሚል ጥያቄ አንድ ቀን ይደርስዎታልና መልሱን ከወዲሁ ማሰብ አይከፋም።

ሽማግሌው ከየት መጣ?

ከአፈ ታሪኩ ሁሉ ጀርባ ኒቆላዎስ የሚባል ጳጳስ አለ። በአራተኛው መቶ ዓመት፣ ዛሬ ቱርክ በምትባለው አገር በምትገኘው በሜራ ከተማ የኖረ ነው። አንድ ድኃ አባት ሦስት ሴቶች ልጆቹን የሚድርበት ገንዘብ ባጣ ጊዜ፣ ኒቆላዎስ ማንም ሳያየው በሌሊት ወርቅ በመስኮት ወረወረለት ይባላል። ሆላንዳውያን በዲሴምበር 5 ማታ በእርሱ መታሰቢያ ለልጆቻቸው ስጦታ ይሰጣሉ፤ ስሙንም «ሲንተርክላስ» ይሉታል። አሜሪካኖች «ሳንታ ክሎስ» የሚሉት ስም የመጣው ከዚሁ ነው።

በ1823 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ ግዛት በትሮይ ከተማ ይታተም የነበረ አንድ ጋዜጣ የደራሲው ስም ያልተጻፈበት ግጥም አወጣ። ስምንት አጋዘኖች በሚስቡት ሠረገላ እየበረረ መጥቶ በጭስ ማውጫ የሚገባው ሽማግሌ ከዚያ ወዲህ በሰው አእምሮ ተቀረጸ። ቶማስ ናስት የተባለ ሠዓሊ ከ1863 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአንድ ሳምንታዊ መጽሔት ላይ መልኩን ሣለለት። ከ1931 እ.ኤ.አ. ጀምሮም ኮካ ኮላ ኩባንያ ሃደን ሰንድብሎም በሚባል ሠዓሊ ያሠራው ማስታወቂያ ያንን ወፍራምና ደስተኛ ሽማግሌ ለብዙ አገር አዳረሰው።

ስለዚህ ዛሬ የምናየው የገና አባት ከአንድ ጳጳስ ስም፣ ከአንድ ግጥም፣ ከሠዓሊዎች ቀለምና ከነጋዴዎች ማስታወቂያ የተሠራ ነው። ይህም መጥፎ አያሰኘውም፤ ደስ የሚል ተረት ነው። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ ይበሉ፤ በአጋዘን ሠረገላ እየበረረ ስጦታ የሚያድለውን ይህን ሽማግሌ የሚነግሩት ወላጆች ራሳቸው አያምኑበትም። ከሃይማኖት የሚለየውም በዚህ ነው።

ልጁ ባወቀ ቀን

በ1897 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ የምትኖር ቨርጂኒያ ኦሃንሎን የተባለች የ8 ዓመት ልጅ፣ ጓደኞቿ «የገና አባት የለም» ቢሏት፣ እውነቱን እንዲነግራት «ዘ ሰን» ለተባለው ጋዜጣ ጻፈች። ጸሐፊው ፍራንሲስ ቸርችም ፍቅርና ለጋስነት በዓለም ላይ እንዳሉ ሁሉ እርሱም አለ ሲል መለሰላት። መልሱ ያማረ ስለ ሆነ እስከ ዛሬ ድረስ ይጠቀሳል። ይሁን እንጂ ልጅቱ የጠየቀችው ስለ ፍቅር አልነበረም። ጓደኞቿ ትክክል መሆናቸውን አለመሆናቸውን ነበር የጠየቀችው፤ ለዚህም የጠራ መልስ አላገኘችም።

ልጆች እውነቱን ሲያውቁ ምን ይሆናሉ? በ1994 እ.ኤ.አ. ሁለት የአሜሪካ ተመራማሪዎች በገና አባት ማመን የተዉ 52 ልጆችን ጠይቀው ነበር። ልጆቹ በአብዛኛው ነገሩን የደረሱበት በራሳቸው ጊዜ፣ 7 ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ነው። አብዛኞቹም በማወቃቸው ደስ እንዳላቸው እንጂ ከልብ እንዳዘኑ አልተናገሩም። ይልቁንስ ያዘኑት ወላጆቹ ነበሩ! ስለዚህ የገና አባትን ለልጁ የነገረ ወላጅ ሁሉ ልጁን ጎዳ ብሎ መክሰስ ከእውነት መራቅ ነው።

አደጋው ያለው በሌላ በኩል ነው። አንደኛ፣ ልጁ ነገሩን ጠርጥሮ ከልቡ ሲጠይቅ፣ ወላጁ በውሸት ላይ ውሸት የጨመረ እንደ ሆነ ነው። ሁለተኛ፣ ተረቱ መቅጫ ዱላ ሲሆን ነው። የገና አባት የልጆችን ጠባይ ሁሉ ያውቃል፤ ስጦታም የሚሰጠው ለጨዋ ልጅ ብቻ ነው ይባላል። እንግዲያው የባለጠጋው ልጅ ብስክሌት፣ የድኃው ልጅ ከረሜላ ሲያገኝ፣ ድኃው ልጅ ምን ብሎ ያስብ? አባቴ ገንዘብ የለውም ሳይሆን እኔ መጥፎ ልጅ ነኝ ሊል አይደለምን?

እኛም ብንሆን ከዚህ ነጻ አይደለንም። «ዝም በል፣ አያ ጅቦ መጣብህ!» እየተባለ ያደገው ልጅ ብዙ ነው። ልጁ ለጊዜው ዝም ይላል፤ ዝም ያለው ግን ፈርቶ እንጂ ገብቶት አይደለም።

አያቶቻችን ያበጁት ድንበር

የሆነ ሆኖ የአገራችን ሰው ተረትን ከእውነት የሚለይበት መልካም ልማድ አለው። አያት ማታ እሳት ዳር ተቀምጠው «ተረት ተረት» ሲሉ ልጆቹ «የላም በረት» ብለው ይቀበላሉ። ይህች ትንሽ መቀባበል እንደ በር ናት፤ ከዚህ በኋላ የሚነገረው ጨዋታ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ጦጣ ብልኅ ትሆናለች፣ ጅብ ይሞኛል፣ አንበሳ ችሎት ላይ ይቀመጣል። በመጨረሻም «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ተብሎ በሩ ይዘጋል። ልጆቹ ይሥቃሉ፣ ይፈራሉ፣ ያዝናሉ፤ ተታለልሁ ብሎ የሚያለቅስ ግን የለም። ተረት ተረትነቱ ስለ ታወቀ ጣዕሙ አይቀንስም።

ቋንቋችን ራሱ ለዚህ የሚረዳ ነው። ያወቅነውን «ነው» እንላለን። ከሰው የሰማነውን «ይባላል» ወይም «አሉ» እንላለን። በልባችን የያዝነውን «እናምናለን» እንላለን። አንድ ክርስቲያን አባት በገና ማታ በሦስቱም ሊጠቀም ይችላል። በዓሉ የሚውለው በታኅሣሥ 29፣ በዘመነ ዮሐንስ ግን በ28 ነው። የገና ጨዋታን የጀመሩት እረኞች ናቸው፤ የጌታን መወለድ ሰምተው ከደስታቸው የተነሣ በዱላቸው ተጫወቱ ይባላል። ክርስቶስም በቤተ ልሔም ለሰው ልጆች መዳን ተወለደ ብለን እናምናለን። ስለ ሰብአ ሰገልም የማቴዎስ ወንጌል ወርቅ፣ ዕጣንና ከርቤ ማምጣታቸውን ይነግረናል እንጂ ቍጥራቸውን አይናገርም። «ሦስት ነበሩ» የሚለው ከ«ይባላል» ወገን ነው። እንዲህ ተለይቶ የተነገረው ልጅ በዓሉ አይጎድልበትም፤ የሰማውን መመርመርንም ይማራል።

እምነትስ?

አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ፣ «እንግዲያስ ሃይማኖትንም ልጁ አድጎ ራሱ እስኪመርጥ ድረስ አትንገሩት» ይላል። ይህ ግን የሚሆን ነገር አይደለም። እናቱ ስትጾም፣ አባቱ ሲሰግድ ልጁ ያያል፤ አይቶም ይጠይቃል። ዝም ቢሉት ዝምታውም ትምህርት ነው። ሕጉም ቢሆን ለወላጅ ይህን መብት ይሰጠዋል። በ1987 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 27፣ ወላጆች በእምነታቸው መሠረት የሃይማኖትና የመልካም ሥነ ምግባር ትምህርት እየሰጡ ልጆቻቸውን የማሳደግ መብት እንዳላቸው ይናገራል። በ1989 እ.ኤ.አ. የተደነገገው ዓለም አቀፍ የሕፃናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 14 ደግሞ ልጁ ራሱ የሐሳብ፣ የኅሊናና የሃይማኖት ነጻነት እንዳለው ይገልጻል፤ ወላጆችም ልጁን የሚመሩት እያደገ ከሚሄደው ችሎታው ጋር በሚስማማ መንገድ ይሁን ይላል። እንግዲህ ሁለቱን አንድ ላይ ስናነባቸው፣ ወላጅ መንገድ መሪ እንጂ የልጁ ኅሊና ባለቤት አይደለም ማለት ነው።

የመሪነቱም ኀላፊነት ከባድ ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት የ5 እና የ6 ዓመት ልጆችን መርምሮ ነበር። ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ ወይም በሃይማኖት ትምህርት ቤት የሚማሩ ልጆች በመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ ውስጥ ያለውን ሰው በእውነት የኖረ ነው አሉ፤ ሃይማኖታዊ ትምህርት ያልተሰጣቸው ግን የፈጠራ ነው አሉ። አስማት ያለበት ተረት ሲነገራቸውም የመጀመሪያዎቹ ከሁለተኞቹ ይልቅ እውነት ሳይሆን አይቀርም ወደ ማለት አዘነበሉ። ከዚህ የምንማረው፣ በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ የሚሆነውንና የማይሆነውን የሚለየው በአብዛኛው ከሚያምናቸው ትልልቅ ሰዎች ሰምቶ መሆኑን ነው።

ስለዚህ ተረትንና እምነትን እንዳይደባልቅ ከሁሉ ይበልጥ መጠንቀቅ ያለበት አማኝ ወላጅ ነው። እግዚአብሔርና የገና አባት ሁለቱም የማይታዩ፣ ሁለቱም የሰውን ሥራ ሁሉ የሚያውቁ፣ ሁለቱም ለደግ ዋጋ የሚሰጡ ተብለው በአንድ ድምፅ ከተነገሩት፣ ልጁ 7 ዓመት ሲሆነው አንደኛው ይወድቃል። ያን ጊዜ ሁለተኛውንም ቢጠረጥር ማን ይፈርድበታል? ሃይማኖት የሌለው ወላጅም ቢሆን ዕዳ አለበት። ጎረቤቱ የሚያምነውን በንቀት ሳይሆን በአክብሮት ለልጁ ሊነግረው ይገባል፤ የአብርሃምንና የሙሴን ታሪክ የማያውቅ ልጅ የአገሩን ሥዕልና መጻሕፍት በግማሽ ብቻ ነው የሚያነበው።

ምን ያድርጉ?

አንደኛ፣ እርስዎ የሚያምኑትን ለልጅዎ ያለ እፍረት ይንገሩት፤ የማያምኑትን ግን እንደሚያምኑ ሆነው አይንገሩት።

ሁለተኛ፣ ተረቱን አይንፈጉት። የገና አባትንም ቢሆን «ተረት ተረት» ብለው ያጫውቱት፤ የኒቆላዎስንም ታሪክ ይጨምሩለት። በስውር መስጠትን የሚያስተምር ደግ ታሪክ ነውና።

ሦስተኛ፣ ልጁ ከልቡ ሲጠይቅ ከልብ ይመልሱለት። የማያውቁት ነገር ከሆነም «አላውቅም፤ አብረን እንፈልግ» ማለት ክብርዎን አይቀንስም።

አራተኛ፣ እግዚአብሔርንም፣ የገና አባትንም፣ አያ ጅቦንም መቅጫ አያድርጓቸው። ልጁ ካጠፋ ጥፋቱን ራስዎ ይንገሩት።

አምስተኛ፣ ክርስቲያን ከሆኑ የሙስሊሙን፣ ሙስሊም ከሆኑ የክርስቲያኑን ጎረቤት በዓል ሲያይ «እነርሱ እንዲህ ያምናሉ፣ እኛ ደግሞ እንዲህ» ብለው ያስረዱት። ሌላው ሰው የሚያምነውን ማወቅ የራስን እምነት አያስጥልም።

አንባቢ ሆይ፤ ሕፃን ሁልጊዜ ሕፃን ሆኖ አይቀርም። 16 ዓመት ሲሆነው ከገና ስጦታ እጅግ የከበደ ጥያቄ ይመጣበታል፤ ስለ ሞት፣ ስለ ፍቅር፣ ስለ ራሱ እምነት ይጨነቃል። ያን ጊዜ ወደ እርስዎ መምጣቱና አለመምጣቱ የሚወሰነው በስድስት ዓመቱ በሰማው መልስ ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ ልጅዎ ከንጋቱ ሲደርስ እርስዎን ቀድመውት እዚያ ቆመው ያግኝዎት።