ባቡር ያቀናው የጉልበት መንገድ

ጉልበቱን ለታመመ ሰው «በእግርዎ ይንቀሳቀሱ» ማለት ቀላል ነው። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያን የሚያስጨንቀው ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ነው፦ የት? በሰሜን ቨርጂኒያ፣ ከአገር ቤት ልጆቻቸው ዘንድ የመጡ ብዙ እናቶችና አባቶች ቀኑን ቤት ተቀምጠው ይውላሉ። ልጆቹ በጠዋት ሥራ ይገባሉ፤ ደጁ መኪና ነው፤ አቀበት ቁልቁለቱም ያስፈራል።

በአርሊንግተንና በአካባቢው ለሚኖር መልሱ ሩቅ አይደለም። ከሸርሊንግተን ተነስቶ፣ ኮሎምቢያ ፓይክን አቋርጦ፣ በፎልስ ቸርች፣ በቪየናና በሊስበርግ በኩል ፐርስልቪል የሚዘልቅ የእግርና የብስክሌት መንገድ አለ። ርዝመቱ 45 ማይል፣ ማለትም 72 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስሙን የወረሰው ከዋሽንግተንና ኦልድ ዶሚኒየን ባቡር ነው። ሐዲዱ እ.ኤ.አ. በ1860 ሊስበርግ ደርሶ፣ በ1968 ተዘጋ። መሬቱን የኤሌክትሪክ ኩባንያ ስለገዛው ተቆራርጦ ሳይሸጥ ቀረ። በ1974 ፎልስ ቸርች ውስጥ አንድ ማይል ተኩል ለእግረኛ ተከፈተ፤ በ1988 ፐርስልቪል ደረሰ።

ለጉልበት የተመቸው በባቡሩ ጠባይ ምክንያት ነው። የብረት ጎማ ብረት ላይ ስለሚያዳልጠው ባቡር ቀጥ ያለ አቀበት አይወጣም። ሐዲድ ዘርጊዎቹ ጉብታውን ቆርጠው፣ ጎድጓዳውን ሞልተው መሬቱን አለዘቡት። ቁልቁለት ሲወርዱ ጉልበት ላይ የሚያርፈው ጫና እዚህ ያን ያህል አይሰማም።

በየግማሽ ማይሉ የርቀት ምልክት መተከሉም ለባለሙያ ትልቅ እገዛ ነው። «ትንሽ ይሂዱ» ከማለት «እስከሚቀጥለው ምልክት ደርሰው ይመለሱ» ማለት ይቻላል። እንዲህ ያለ ቀጥ ያለ መንገድ ግን ያዘናጋል። ሰው ደህና ነኝ እያለ ይርቃል፤ ጉልበቱ የሚያመው መመለሻው ላይ ነው። ስለዚህ ድካም ከመሰማቱ በፊት መዞር ይገባል።

በብስክሌት ለሚሄድ ደግሞ ዋናው ነገር የመቀመጫው ከፍታ ነው። ፔዳሉ ታች ሲደርስ ጉልበት በጥቂቱ ብቻ መታጠፍ አለበት። መቀመጫው ዝቅ ካለ የጉልበት ሎሚ ላይ የሚያርፈው ጫና ይጨምራል።

ቪየና ላይ መንገዱ ዳር አንድ ቀይ ፉርጎ ቆሟል። በወጣትነቱ ከለገሐር ድሬዳዋ በባቡር የወረደ አባት እዚያ ጋ ሳይቆም አያልፍም፤ ለማረፍም ጥሩ ሰበብ ነው።

እናትና አባታችሁን መጀመሪያ ስታወጡ አብራችሁ ሂዱ። ቀኝ ጠርዙን ይያዙ። ከኋላ የብስክሌት ደወል ሲሰሙ ብዙዎች ደንግጠው ወደ መሀል ይዞራሉ፤ አደጋው ያለው እዚያ ላይ ነው። ሳይዞሩ ቀጥ ብለው እንዲሄዱ፣ የመኪና ማቋረጫ ላይ ደግሞ ቆመው ግራ ቀኝ እንዲያዩ አለማምዷቸው። መግቢያ አይከፈልም።