ከአዘዞ የሚጀምር ትኬት

ከጎንደር ወደ ዋሽንግተን የሚሄድ ሰው የመጀመሪያውን በረራ አይመርጥም። ከከተማው በስተደቡብ አዘዞ ላይ ካለው የአፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ በመደበኛ ፕሮግራም መንገደኛ የሚያነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ነው። ምርጫው የሚጀምረው ቦሌ ላይ ነው። ኤምሬትስ በዱባይ፣ ኳታር ኤርዌይስ በዶሃ፣ ተርኪሽ በኢስታንቡል፣ ሉፍታንዛ በፍራንክፈርት በኩል ይወስዳሉ። የኢትዮጵያ አየር መንገድም በራሱ አውሮፕላን አሜሪካ ድረስ ይዘልቃል። ትኬት ቢሮ የሚገባ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው ዋጋውን ነው። ከዋጋው በፊት ሊጠየቅ የሚገባው ግን ትኬቱ ከየት እንደሚጀምር ነው እላለሁ።

ጉዞው በሙሉ በአንድ የቦታ ማስያዣ ቁጥር ከተያዘ፣ ሻንጣው አዘዞ ላይ የመጨረሻው ከተማ ስም ተለጥፎበት ይሄዳል። የጎንደሩ በረራ ዘግይቶ ቦሌ ላይ ቀጣዩ ቢያመልጥ፣ ሌላ ቦታ ፈልጎ የመስጠት ኃላፊነቱ የአየር መንገዱ ነው። የአገር ውስጡ ለብቻ፣ የውጭው ለብቻ ከተገዛ ግን ነገሩ ይለወጣል። ተጓዡ ቦሌ ላይ ሻንጣውን ተቀብሎ፣ ወደ ውጭ በረራዎች ተርሚናል ጎትቶ፣ እንደ አዲስ መንገደኛ ይሰለፋል። ከጎንደር የተነሣው አውሮፕላን ቢዘገይ ሁለተኛው አየር መንገድ የሚያውቀው «መንገደኛው አልመጣም» የሚለውን ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የመመለሻው ቦታም አብሮ ሊሰረዝ ይችላል።

ይህን አጥብቄ የምናገረው ከጠቅላላው መንገድ በቀላሉ የሚናጋው አጭሩ፣ የጎንደሩ በረራ ስለሆነ ነው። በክረምት ደመናው ዝቅ ብሎ ይተኛል። በኅዳር 2013 ዓ.ም. የጎንደር አውሮፕላን ማረፊያ በሮኬት ተመትቷል። በ2015 ዓ.ም. ክረምትም በአማራ ክልል ግጭት ሲበረታ ወደ ጎንደር የሚደረገው በረራ ለቀናት ተቋርጦ ነበር። በመኪና ልውረድ ቢሉ አዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ መንገዱ ራሱ ያሳስባል። ስለዚህ ለየብቻ የሚገዛ ሰው ቢያንስ አንድ ቀን ቀድሞ አዲስ አበባ ይግባ። የማደሪያውን፣ የታክሲውንና የምግቡን ወጪ ከትኬቱ ላይ ደምሮ ሲያየው ርካሹ ርካሽ ሆኖ ላይገኝ ይችላል። ሉፍታንዛና ተርኪሽ ስታር አላያንስ በተባለው ኅብረት ውስጥ ናቸው፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድም በታኅሣሥ 2004 ዓ.ም. ገብቶበታል። የትኬት ሠራተኛው የጎንደሩን በረራ ከእነሱ ጋር በአንድ ትኬት ማያያዝ ይችል እንደሆነ መጠየቅ ያዋጣል።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ የተመሠረተው በ1938 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት መጋቢት 30 ቀን የመጀመሪያ በረራውን በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ አደረገ። ከአፍሪካ አየር መንገዶች ድሪምላይነርን በ2004፣ ኤርባስ ኤ350ን በ2008 ዓ.ም. ቀድሞ የተረከበው እሱ ነው። ወደ አሜሪካ ሲበር ግን ስንፍና የሚመስል፣ በእውነቱ የመልክዓ ምድር ጉዳይ የሆነ አንድ ነገር አለው። ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው አውሮፕላን ነዳጅ ለመቅዳት መንገድ ላይ ያርፋል፤ ለዓመታት የሚያርፈው በአየርላንዷ ደብሊን ነበር። ሲመለስ ግን ከዋሽንግተን አዲስ አበባ 13 ሰዓት ያህል ሳያርፍ ይመጣል። አውሮፕላኑ ያው፣ ርቀቱም ያው ሆኖ ሳለ እንዴት ይህ ሆነ?

ምክንያቱ ቦሌ ነው። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ይገኛል። በዚህ ከፍታ አየሩ ሳሳ ያለ ነው። ክንፍ አውሮፕላኑን ወደ ላይ የሚያነሣው አየር ሲያልፍበት ነው፤ ሞተርም ጉልበት የሚያገኘው ነዳጅን ከአየር ጋር አቃጥሎ ነው። አየሩ ሲሳሳ የሁለቱም አቅም ይቀንሳል፤ ሙቀት ሲጨመርበት ደግሞ ይብስበታል። ሙሉ መንገደኛ፣ ሙሉ ሻንጣና እስከ አሜሪካ የሚያደርስ ነዳጅ በአንድ ላይ ጭኖ ከቦሌ መነሣት ስለማይቻል ነዳጁ ተቀንሶ በመንገድ ይሞላል። የዋሽንግተኑ ደለስ ግን ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ አይልም፤ አየሩ ወፍራም ነው። ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው የከፍተኛው ሰማይ ነፋስም ከኋላ ሆኖ ይገፋል። ቢሾፍቱ አቅራቢያ የታቀደው አዲስ አውሮፕላን ማረፊያ ከቦሌ ዝቅ ብሎ እንዲሠራ የተመረጠበት አንዱ ጥቅም ይኸው ነው። ለተጓዡ ትርጉሙ ይህ ነው፦ ነዳጅ በሚቀዳበት ጊዜ መንገደኛው ሌላ አውሮፕላን አይፈልግም። በዶሃ ወይም በኢስታንቡል በኩል ሲሄድ ግን ወርዶ፣ በር ፈልጎ፣ ሌላ አውሮፕላን ይሳፈራል። ሁለቱም «አንድ ማረፊያ» ተብለው ቢጻፉም ድካማቸው እኩል አይደለም።

ከፍታን ካነሣን፣ አየር መንገዶች ስለ አዳዲስ አውሮፕላኖች የሚያስተዋውቁት አንድ ነገር ለሰሜን ጎንደር ሰው ሌላ መልክ አለው። በቆዩት አውሮፕላኖች ውስጥ አየሩ እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ያለውን ያህል ሊሳሳ ይችላል፤ በድሪምላይነርና በኤ350 ውስጥ ግን ከ1,800 ሜትር አይዘልም። ለወደብ ከተማ ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ጎንደር ግን ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፣ ደባርቅም 2,850 ሜትር ገደማ። ከደባርቅ የተነሣች እናት ድሪምላይነር ውስጥ ስትቀመጥ ከቤቷ ደጃፍ አንድ ሺህ ሜትር ያህል ዝቅ ያለ ቦታ ላይ እንዳለች ትተነፍሳለች። እሷን የሚያስቸግራት የአየሩ ድርቀትና ለረጅም ሰዓት መቀመጥ ነው። ውኃ ደጋግማ ትጠጣ፣ እግሯ እንዳያብጥና ደም እንዳይረጋባት በየጊዜው ተነሥታ ትራመድ።

እንዲህ ያለችው እናት፣ ልጇ ወልዳላት አራስ ልትጠይቅ የምትሄደዋ፣ በምርጫው መሐል መቀመጥ አለባት ብዬ አምናለሁ። ትኬቱን የሚገዙት ውጭ ያሉት ልጆች ናቸው፤ የሚያዩትም የስልካቸውን ዋጋ ነው። ከአማርኛ ሌላ ቋንቋ ለማትናገር ሴት የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ አስተናጋጆች አማርኛ መናገራቸው ከመቶ ዶላር ቅናሽ ይበልጣል። በባዕድ ከተማ አውሮፕላን የሚያስቀይር ትኬት ከተገዛላት ግን ብትራመድም እንኳ ዊልቸር ይጠየቅላት፤ የሚገፋት ሠራተኛ ከበር እስከ በር ያደርሳታል። ጥያቄው ቢያንስ 48 ሰዓት ቀድሞ ይቅረብ። በጾም ወቅት ከሆነ ደግሞ ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል የተለየውን ምግብ ከ24 ሰዓት በፊት ማዘዝ ያስፈልጋል። በውጭ አየር መንገድ ሲያዙ «አትክልት» ብቻ ማለት አይበቃም፤ አይብና ቅቤ ያለበት ሊመጣ ይችላል።

ሌላው ብዙ ሰው አዘዞ ደርሶ የሚሰማው ነገር የትራንዚት ቪዛ ነው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው በሼንገን አገሮች አውሮፕላን ማረፊያ ለመቀያየር እንኳ የማለፊያ ቪዛ ይጠየቃል። የአሜሪካ ወይም የካናዳ ጸንቶ ያለ ቪዛ ያለው ከዚህ ነፃ ነው። በመሆኑም ወደ ዋሽንግተን ለሚሄድ ባለቪዛ ፍራንክፈርት ክፍት ሲሆን፣ ወደ ላቲን አሜሪካ ለሚያልፈው ግን ዝግ ሊሆንበት ይችላል። በዱባይ፣ በዶሃና በኢስታንቡል ከመንገደኞች ማቆያ ሳይወጡ ለመቀያየር ቪዛ አያስፈልግም።

ስለ ሻንጣ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ወደ አሜሪካ ቋንጣ አይገባም። በርበሬና ሽሮ በሚጫነው ሻንጣ ይግቡ፤ ወደ አሜሪካ በሚሄድ በረራ ከ350 ሚሊ ሊትር በላይ የሆነ ዱቄት በእጅ ቦርሳ ከተያዘ ለተጨማሪ ፍተሻ ይቀርባል፣ ሊጣልም ይችላል። ማር እንደ ፈሳሽ ይቆጠራል። ከጎንደር የሚነሣው ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን ከሆነ የላይኛው መደርደሪያው ጠባብ ስለሆነ፣ መድኃኒትና ሰነድ በትንሽ ቦርሳ ለብቻ ይያዝ።

ሰዓቱ ግን በጥንቃቄ ይነበብ። ትኬት ላይ 22:30 ማለት በእኛ ከምሽቱ 4:30 ነው። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለው የበለጠ ያሳስታል። ጃንዋሪ 20 ቀን 00:30 ተብሎ የተጻፈ በረራ፣ በአብዛኞቹ ዓመታት በጥምቀት ዕለት ጥር 11 አመሻሽ ከቤት ተነሥተው ሌሊት 6:30 የሚሳፈሩበት ነው። ጥር 12 ማታ ሻንጣ ይዞ ቦሌ የደረሰ ሰው አውሮፕላኑ ባለፈው ሌሊት ሄዶበታል። በጥምቀት ሰሞን ደግሞ ከጎንደር የሚወጣው በረራ በእንግዳ ስለሚሞላ፣ የአገር ውስጡ ቦታ ከውጭው እኩል ቀድሞ ይያዝ።

አንድ ነገር ሲበላሽ መንገደኛውን የሚጠብቀው ሕግም እንደ አየር መንገዱ ይለያያል። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ መሠረት፣ ጥፋቱ የአየር መንገዱ ሆኖ 3 ሰዓትና ከዚያ በላይ ዘግይቶ የደረሰ ረጅም በረራ ለመንገደኛው እስከ 600 ዩሮ ያስከፍላል። ይህ ከአውሮፓ ለሚነሣ በረራ ሁሉ ይሠራል፤ ወደ አውሮፓ ለሚሄደው ግን ለአውሮፓ አየር መንገዶች ብቻ። ከአዲስ አበባ በሉፍታንዛ ፍራንክፈርት የሚገባ ሰው ተሸፍኗል፤ በኢትዮጵያ አየር መንገድ የሚገባው አልተሸፈነም፤ ከፍራንክፈርት ሲመለስ ግን በየትኛውም ቢሆን ይሸፈናል። ሻንጣን በተመለከተ ኢትዮጵያም አባል የሆነችበት የሞንትሪያል ስምምነት አለ። ለተጎዳ ሻንጣ በ7 ቀን፣ ዘግይቶ ለደረሰ በ21 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማመልከት ያስፈልጋል። ሻንጣው በማሽኑ ላይ ካልመጣ፣ ከአዳራሹ ሳይወጡ ወደ ሻንጣ ጥያቄ መስኮቱ ሄደው ያስመዝግቡ፤ የመዝገቡን ቁጥር የያዘውን ወረቀትና አዘዞ ላይ የተሰጠውን የሻንጣ ቁራጭ አንድ ላይ ያስቀምጡ።