ጋሪውን የሚገፋልን ሰው ሂሳብ

አሜሪካ አገር፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ውስጥ ልጅ የሚያሳድጉ ሐበሾች ቡና ላይ ሲገናኙ፣ ከትምህርት ቤትና ከቤት ኪራይ ወሬ ቀጥሎ የማይቀር ክርክር አለ። አስቤዛ በስልክ ማዘዝ ያዋጣል ወይስ ገንዘብ መበተን ነው? አንዷ “ሁለት ሕፃናት እየጎተቱ ሱቅ መዞር ቀረልኝ፣ ተገላገልኩ” ትላለች። ሌላው “ወተትና እንቁላል ባዝ የሳምንት ቤንዚን ከፈልኩ” ብሎ ያማርራል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ያዘዙት በአንድ ስም የሚጠራ፣ ውስጡ ግን የተለያየ አገልግሎት ነው። ልዩነቱ አንዴ ከገባችሁ ደግሞ የትኛውም አፕ በቀላሉ አያሞኛችሁም። እንዲገባችሁ ግን ስልኩን ለጊዜው አስቀምጡትና ከመቶ ዓመት በላይ ወደ ኋላ አብረን እንመለስ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

በ1916 ሜምፊስ፣ ቴነሲ ውስጥ ክላረንስ ሳውንደርስ የሚባል ነጋዴ ፒግሊ ዊግሊ የሚል እንግዳ ስም ያለው ሱቅ ከፈተ። እስከዚያ ድረስ አሜሪካ ውስጥም ቢሆን አስቤዛ የሚገዛው እኛ የሰፈር ሱቅ ላይ እንደምናውቀው ነበር። ደንበኛው ከባንኮኒው ወዲህ ቆሞ ይጠይቃል፤ ባለሱቁ ከመደርደሪያ ያወርዳል፣ ይመዝናል፣ ይጠቀልላል። ብዙዎቹ ቤት ድረስ ያደርሱ ነበር፣ ያውም በዱቤ። እኛ ጋ ማድረሱ የልጆች ሥራ ነው፤ በመልሱ ከረሜላ ገዝቶ የሚመጣው ልጅም የማድረሻ ክፍያውን ራሱ ቆርጦ የወሰደ መሆኑ ነው። ሳውንደርስ ይህን አሠራር ገለበጠው። ደንበኛውን በሚሽከረከር በር አስገባ፣ ቅርጫት አስያዘ፣ በየዕቃው ላይ ዋጋ ለጠፈና “ራሳችሁ አንሡ” አለ። ሠራተኛ ሲቀንስ ዋጋም ቀነሰ። በ1937 ደግሞ ኦክላሆማ ሲቲ ውስጥ ሲልቫን ጎልድማን ባለ ጎማ ጋሪ ይዞ መጣ። ቅርጫት ሲከብደው ግዢውን ያቆም የነበረው ሰው ከዚያ ወዲያ የሚያቆመው ነገር ጠፋ።

እንግዲህ ሱፐርማርኬት ርካሽ ከሆነባቸው ትልልቅ ምክንያቶች አንዱ እኛ ያለ ደመወዝ ስለምንሠራለት ነው። የምንመርጠው እኛ፣ የምንገፋው እኛ፤ አሁን አሁንማ ዕቃውን በማሽን እያሳለፍን ሂሳቡን የምንሠራውም እኛው ነን። ዴሊቨሪ ስናዝ ያንን የነፃ ሥራ ለሌላ ሰው እንሰጣለን፣ ያ ሰው ደግሞ ሊከፈለው ይገባል። ስለዚህ “ነፃ ማድረሻ” የሚል ጽሑፍ ባያችሁ ቁጥር የዚያን ሰው ሂሳብ ፈልጉ። አንዱ መሥመር ላይ ተጽፎ ታገኙታላችሁ።

ይህን ሂሳብ ለማጥፋት ያልተሞከረ የለም። ፒፖድ የሚባለው ኩባንያ ቺካጎ አካባቢ በ1989 ተመሥርቶ፣ ማለትም ብዙው ሰው ስለ ኢንተርኔት ሳይሰማ፣ በኮምፒውተር ትእዛዝ እየተቀበለ አስቤዛ ማድረስ ጀመረ። ዌብቫን የተባለው ደግሞ በ1999 ከሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ተነሥቶ ግዙፍ መጋዘኖች የሚያስገነባበት የ1 ቢሊዮን ዶላር ውል ፈረመ፤ በጁላይ 2001 ከሠረ። ቀድሞ አማዞን ውስጥ ይሠራ የነበረው መሐንዲስ አፑርቫ መህታ በ2012 ኢንስታካርትን ሲመሠርት ዘዴውን ቀየረ። መጋዘን የለ፣ የጭነት መኪና የለ፤ ሱቁም የሌላ ሰው፣ መኪናውም የሌላ ሰው። ሮቦቶችም ተሞክረዋል። የሱፐርማርኬት ኩባንያው ክሮገር ከእንግሊዙ ኩባንያ ኦካዶ ጋር ሆኖ የሮቦት መጋዘኖች ካቋቋመ በኋላ፣ በኖቬምበር 2025 ሦስቱን እንደሚዘጋ አስታወቀ። ከሦስቱ አንዱ እዚሁ ሜሪላንድ፣ ፍሬድሪክ የነበረው ነው። ምግብ ትርፉ ስስ ነው፤ አንድ ሱፐርማርኬት ከ100 ዶላር ሽያጭ የሚያተርፈው የተጣራ ገንዘብ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 ዶላር አያልፍም። ከዚያች ላይ አርባ ዓይነት ዕቃ ለቅሞ፣ አይስክሬሙን ሳያቀልጥ፣ እንቁላሉን ሳይሰብር ደጃፍ ድረስ የሚያመጣ ሰው ደመወዝ አይወጣም። የሚወጣው ከእኛ ኪስ ነው።

አሁን ወደ ደረሰኙ እንምጣ። ክፍያው አራት ቦታ ተበትኖ ይቀመጣል። የመጀመሪያው ማድረሻ ነው፤ ሁሉም የሚያየውም የሚያማርረውም እሱን ነው። ሁለተኛው የአገልግሎት ክፍያ የሚባለው ሲሆን ከግዢው በመቶኛ ይሰላል። ሦስተኛው ለሚያደርሰው ሰው የሚሰጠው ቲፕ ነው። አራተኛው ከሁሉም ድብቅ ነው፤ ለብቻው መሥመር የለውም፣ በየዕቃው ዋጋ ላይ ተቀብቶ ነው የሚመጣው። ሱቁ ውስጥ 4 ዶላር የሆነው ዕቃ አፑ ላይ 4 ከ60 ይሆናል። በምሳሌ እንየው። ሱቅ ሄዳችሁ ብትገዙት 150 ዶላር የሚሆን ዕቃ አላችሁ እንበል። አፑ ላይ ዋጋው በ12 በመቶ ቢጨምር 168 ይሆናል። በዚያ ላይ 5 በመቶ የአገልግሎት፣ 4 ዶላር ማድረሻ፣ 10 በመቶ ቲፕ ጨምሩበት። 197 ዶላር ገባ ማለት ነው። ከ47ቱ ዶላር ጭማሪ ውስጥ “ማድረሻ” የሚል ስም ያለው 4 ዶላር ብቻ ነው። ያ ቢቀርላችሁ እንኳ 43ቱ አለ። በየሳምንቱ ከታዘዘ በአራት ሳምንት ወደ 190 ዶላር ይጠጋል፤ አገር ቤት ላለች እናት የሚላክ ገንዘብ ነው።

“ነፃ” የምትለው ቃል መንግሥትንም አነጋግራለች። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ኢንስታካርትን፣ ማድረሻው ነፃ ነው እያለ ያስተዋውቃል፣ የማይቀር የአገልግሎት ክፍያ ግን ይጠይቃል ሲል ከሰሰው። ኩባንያው ጥፋት የለብኝም ቢልም፣ በዲሴምበር 2025 ለደንበኞች 60 ሚሊዮን ዶላር ለመመለስ ተስማማ። የዋጋ ጭማሪውን በተመለከተ ግን መረጃው አጠገባችሁ አለ፤ ብዙ ሰው ስለማይነካው ነው እንጂ። ኢንስታካርት ላይ የሱቁን ስም ስትነኩት ዋጋው እንደ ሱቁ ይሁን ከሱቁ በላይ ተጽፎ ታገኛላችሁ። አንዳንዱ ሱቅ የመደርደሪያውን ዋጋ ሳይለውጥ ያቀርባል። ኮስኮ ደግሞ በዚያው ቀን የሚደርሰው ዕቃ ዋጋ ከመጋዘን ሱቁ ዋጋ እንደሚበልጥ ራሱ ይናገራል።

እኔ ለልጅ አሳዳጊ ሁሉ የምመክረው ፒክአፕ የሚባለውን ነው፣ እንዴት ሰው ችላ እንደሚለውም ይገርመኛል! በስልክ ታዛላችሁ፣ የሱቁ ሠራተኛ ይለቅማል፣ እናንተ ፓርኪንግ ውስጥ ቁጥር የተጻፈበት ቦታ ላይ ቆማችሁ የመኪናውን የኋላ ክዳን ትከፍታላችሁ። ዋልማርት ላይ ግዢው ከ35 ዶላር ካለፈ ፒክአፕ አይከፈልበትም፤ ዋጋው የመደርደሪያው ነው፣ ቲፕም አይጠየቅም። ከላይ ያሰላነው 47 ዶላር ሙሉ በሙሉ ይቀራል። ሥራውን ለሁለት ከፈላችሁት ማለት ነው፤ አድካሚውን ግማሽ፣ ለቀማውን፣ ለሱቁ ሰጥታችሁ ነጂነቱን ብቻ ያዛችሁ። ሕፃኑ ካርሲቱ ላይ እንደተኛ ነው። ትልቁ ልጅ የመክፈያው ሰልፍ አጠገብ፣ ልክ በእሱ ዓይን ቁመት የተደረደረውን ቸኮሌት አያይም። ኡበር የምትነዱ ደግሞ በሁለት ጉዞ መካከል ጎራ ብላችሁ መውሰድ ትችላላችሁ፤ ወተትና ሥጋ ካለበት ግን የመጨረሻውን ተሳፋሪ ካወረዳችሁ በኋላ ይሁን።

ፒክአፕም ሆነ ዴሊቨሪ፣ ማዘዝ ራሱ ገንዘብ የሚያተርፍበት መንገድ አለ። ሱቅ ውስጥ ስንዞር ድምሩን የምናውቀው መክፈያው ጋ ደርሰን፣ ለመመለስ ሲያሳፍረን ነው። ስልክ ላይ ድምሩ እያንዳንዷን ዕቃ ስትጨምሩ አብሮ ይቆጥራል፤ 140 ሲደርስ ብስኩቱን ማውጣት ማንንም አያሳፍርም። በፓውንድ ወይም በአውንስ የተሰላው ዋጋም ከሥሩ ተጽፏል፤ ትልቁ ዘይት ሁልጊዜ ከትንሹ እንደማይረክስ ያን ጊዜ ታያላችሁ። ከሁሉ በላይ ግን የምታዙት ከገዛ ወጥ ቤታችሁ ሆናችሁ ነው። ምስር ክኩ አልቋል አላለቀም ብሎ መጠርጠር የለም፣ ቁምሳጥኑን ከፍቶ ማየት ነው። አራተኛ ከረጢት ሩዝ ተገዝቶ አሮጌው ከኋላ የሚገኝበት ቤት ስንት ነው! በሌሊት ፈረቃ የሚሠሩ ነርሶች በእረፍት ሰዓታቸው የጀመሩትን ዝርዝር ባል ቤት ሆኖ ያሟላዋል፤ አንድ መለያ ለሁለት ስልክ ይበቃል።

ለጿሚ ቤት አንድ ነገር ልጨምር። ሁለት ዝርዝር ይኑራችሁ፣ አንዱ የጾም፣ አንዱ የፍስክ። ያለፈውን ትእዛዝ ድገም የሚለው ቁልፍ የዐቢይ ጾም መግባቱን አያውቅም፤ እርጎና ቅቤውን ደርድሮ ይልክላችኋል። ከዚህ የባሰው የምትክ ነገር ነው። የፈለጋችሁት ዕቃ ካለቀ ለቃሚው የመሰለውን ይተካል፤ የአልሞንድ ወተት አጥቶ የላም ወተት ቢያመጣ ለእሱ ወተት ወተት ነው። በየዕቃው ላይ “አትተካ” የሚለውን ምረጡ፣ ወይም ምትኩን ራሳችሁ ጻፉለት።

በአፕ የማይታዘዝም አለ። የዶሮ ወጥ ሽንኩርት ቀይ መሆን አለበት፤ ያጣ ለቃሚ ቢጫውን ያመጣዋል፣ ለእሱ ያው ሽንኩርት ነው። የክትፎና የጥብስ ሥጋ በዓይን ካልታየ፣ ሥጋ ቆራጩም “ከዚህ በኩል” ካልተባለ አይሆንም። ቲማቲምና አቮካዶ እንደ ዕድላችሁ ነው። እንጀራና በርበሬ ለመግዛትማ የሐበሻ ሱቅ መሄድ ከወሬው ጋር ነው የሚያስፈልገው። ዳይፐር፣ ውሃ፣ ዘይት፣ ሩዝ፣ የልብስ ሳሙና፣ ወተት ግን ማንም ቢለቅመው ያው ነው፤ ከባድ ከባዱን ለአፕ ስጡ።

መኪና ለሌለው፣ ወይም አራስ ቤት ላለ፣ ዴሊቨሪ ቅንጦት አይደለም። ለእነዚህ አባልነት ሊያዋጣ ይችላል። ዋልማርት ፕላስ በዓመት 98 ዶላር ነው፤ ከ35 ዶላር በላይ ሲገዛ የማድረሻ ክፍያውን ያስቀራል፣ ዋጋውም የሱቁ ነው። አንዱ ማድረሻ 8 ዶላር ነው ብለን ብናስብ በአሥራ ሦስተኛው ትእዛዝ ላይ ገንዘባችሁ ተመለሰ። ፉድ ስታምፕ ወይም ሜዲኬይድ ያለው ደግሞ በግማሽ ዋጋ ይገባል፤ ብዙ ወገኖቻችን ይህን ሳያውቁ ሙሉውን ይከፍላሉ። በፉድ ስታምፕ ካርድ በኦንላይን መግዛት በ2019 ኒው ዮርክ ውስጥ በሙከራ ተጀምሮ አሁን በሁሉም ግዛቶች ይሠራል። ካርዱ የሚከፍለው ግን ምግቡን ብቻ ነው፤ የማድረሻና የአገልግሎት ክፍያን፣ ቲፕንም አይሸፍንም።

“ጊዜስ? ጊዜ ገንዘብ አይደለም?” የሚል አይጠፋም። ነው፣ የተረፈውን ሁለት ሰዓት በእርግጥ ከሠራችሁበት። በሰዓት 25 ዶላር የሚከፈለው ሰው 47 ዶላር ከፍሎ ሁለት ሰዓት ትርፍ ሥራ ቢገባ ሂሳቡ ተቀራራቢ ነው። አብዛኞቻችን ግን በተረፈው ሰዓት እንተኛለን። እንቅልፍም ዋጋ አለው፣ በተለይ የሦስት ወር ልጅ ላለው ሰው፤ ብቻ አውቃችሁ ግዙት።

ስለ ቲፕ ደግሞ ግልጽ ልሁን። እዚህ አካባቢ ከረጢቱን ተሸክመው ደረጃ ከሚወጡት ውስጥ የእኛው ልጆች ጥቂት አይደሉም። በ2019 ኢንስታካርት ቲፕን ለሠራተኛው የሚከፍለው መነሻ ክፍያ አካል አድርጎ ይቆጥረው ነበር፤ ተቃውሞ ሲበረታበት ይቅርታ ጠይቆ ተወው። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ትልቅ ቲፕ አሳይተው ዕቃው ሲደርስ የሚሰርዙ ደንበኞች መጡ፤ ኩባንያው ቲፕ መቀየሪያውን ጊዜ ከሦስት ቀን ወደ 24 ሰዓት አሳጠረ። አምስት ካርቶን ውሃ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የሌለበት ሕንፃ፣ ቲፕ 2 ዶላር ከሆነ ሰውዬውን አታስመጡት፤ ፒክአፕ አለላችሁ።

አሁን ሂዱና ራሳችሁ ፈትኑት። ባለፈው ሳምንት ሱቅ ሄዳችሁ የገዛችሁበትን ደረሰኝ አውጡ። ያንኑ ዕቃ አንድ በአንድ እዚያው ሱቅ አፕ ላይ ጋሪ ውስጥ አስገቡ፤ አንዴ በዴሊቨሪ፣ አንዴ በፒክአፕ። የመጨረሻውን ቁልፍ ሳትነኩ ሦስቱን ድምሮች ጎን ለጎን ጻፉ።