የተጫዋች ዋጋ በምን ይመዘናል?

በአዋሽና በሰመራ ግመል የሚገዛ ነጋዴ የሚመለከተው የዛሬውን ቁመና ብቻ አይደለም፤ ዕድሜውንና እስኪሸጥ ድረስ የሚፈጀውን ወጪ ጭምር ነው። ባዘርቢተር በተባለው የኢንተርኔት የቅርጫት ኳስ ቡድን አስተዳደር ጨዋታም ሒሳቡ ይኸው ነው።

ተጫዋቾች የሚሸጡት በጨረታ ነው። ሥልጠናው በየሳምንቱ በአንድ ችሎታ ላይ ይሰጣል፤ ለሥልጠናው በተመረጠው ቦታ 48 ደቂቃ ያልተሰለፈ ግን ሙሉ ጥቅሙን አያገኝም። የ18 ዓመት ወጣት ፈጥኖ ይሻሻላል፤ ዕድሜው ሲገፋ እድገቱ ይዘገያል። ችሎታው በጨመረ መጠንም ደመወዙ በየውድድር ዘመኑ ከፍ ይላል።

ስለዚህ ገዢው በጨረታ እልህ ሳይወሰድ፣ አስቀድሞ ደመወዙን ከሚጠብቀው የመሸጫ ዋጋ ላይ ሊቀንስ ይገባዋል። ይህን የዘነጋ ባለዝና ተጫዋችና ባዶ ካዝና ይዞ ይቀራል። ዕቃውን ከጅቡቲ በሰመራና በአዋሽ በኩል የሚያስመጣ ነጋዴም የወደብና የመጋዘን ኪራይ ያልተቀነሰለትን ትርፍ፣ ትርፍ ብሎ አይቈጥርም።