መቀነት፤ ከኮልቾ ገደል እስከ ሽሮ ሜዳ

ከጂንካ ተነሥቶ በቀይ አፈር፣ በዲመካና በቱርሚ በኩል የሚጓዝ መንገደኛ በመጨረሻ ኮልቾ ከምትባለው መንደር ይደርሳል። ኮልቾ በኦሞ ወንዝ ገደል አፋፍ ላይ የተቀመጠች የካሮ ሕዝብ መንደር ናት። ከአፋፉ ቆሞ ቍልቍል ለተመለከተ ሰው፣ ኦሞ ከሜዳ ላይ እንደ ተጣለ መቀነት ተጠማዝዞ ሲያልፍ ይታየዋል።

ወደዚህች መንደር የሚሄድ ጎብኚ ሁሉ ፎቶግራፍ የሚያነሣው ካሮዎች በነጭ ኖራ መሰል አፈር፣ በቀይና በቢጫ ቀለም በሰውነታቸው ላይ የሚሥሉትን ሥዕል ነው። ሥዕሉ በእርግጥም የሚደነቅ ነው። እኛ ግን በሄድንበት ቀን ዓይናችን ያረፈው ከዚያ ዝቅ ብሎ፣ ከወገብ ላይ ነበር። አንድ ጎልማሳ ከወገቡ የጠመጠመውን የገበያ ጨርቅ ፈትቶ እንደገና ሲያስር አየነው። አንዱን ጫፍ ከጎኑ ያዘ፤ ጨርቁን ሳብ አድርጎ አዞረ፤ የቀረውን ጫፍ ወደ ውስጥ ወሸቀና መንገዱን ቀጠለ። ዘለበት የለ፣ ቍልፍ የለ፣ መርፌ ቍልፍ የለ። አብራን የነበረች፣ ጎጃም ገጠር ተወልዳ ያደገች እኅት ይህን አይታ ሳቀችና፣ የእናቷ አስተሳሰር መሆኑን ነገረችን።

ነገሩ ቀልድ ይመስላል እንጂ ቁም ነገር አለው። የካሮ ሴቶች የባህል ልብስ በዶቃ ያጌጠ ቆዳ ነው፤ የደጋዋ ሴት ልብስ ደግሞ ከጥጥ የተሠራ ቀሚስ ነው። ሁለቱ አገሮች በልብስም በቋንቋም ይለያያሉ። ሆኖም ወገብን በጨርቅ ጠምጥሞ ማሰር የሁለቱም ብልሃት ነው። ስለዚህም ከኮልቾ ስንመለስ ስለ መቀነት የምናውቀውንና በመንገዳችን ያየነውን ለአንባቢያን ለማካፈል አሰብን።

መቀነት ከጌጥነቱ በፊት የሥራ መሣሪያ ነው። እንስራ ያዘለች፣ እንጨት የተሸከመች፣ ከወፍጮ ድንጋይ ላይ አጎንብሳ እህል የፈጨች ሴት ወገቧን ሳታስር ሥራዋን አትጀምርም። አራስ ሴትም ሆዷንና ወገቧን በመቀነት ትደግፋለች። የተንዠረገገው ቀሚስ እግር እንዳይጠልፍ ወደ ላይ ሰብሰብ ተደርጎ የሚያዘው በመቀነት ነው። ከሁሉም በላይ መቀነት የእናት ካዝና ነው። ከዕንቍላል፣ ከቅቤና ከጌሾ ሽያጭ የተገኘችው ገንዘብ በመቀነት ጫፍ ትቋጠራለች። ያች ቋጠሮ የምትፈታው ለጨው፣ ለመድኃኒት፣ ወይም ለልጅ ደብተር መግዣ ነው። ዛሬ በትልቅ ወንበር ላይ ከተቀመጡት ሰዎች መካከል ፊደል የቈጠሩት በዚች ቋጠሮ የሆነ ብዙዎች ናቸው።

ሕዝቡም ይህን ስለሚያውቅ መቀነትን በንግግሩ ውስጥ ትልቅ ቦታ ሰጥቶታል። ከዝናብ በኋላ በሰማይ ላይ የሚዘረጋውን ቀስተ ደመና «የማርያም መቀነት» ብሎ ይጠራዋል። ለመዘግየቱ በቂ ምክንያት የሌለውንም ሰው «የእናቴ መቀነት ጠለፈኝ» ያለ ነው እያለ ይቀልድበታል። ወንዱም ቢሆን ከዚህ አልራቀም። ወገቡን በሰፊው የሚጠመጥምበት ጨርቅ ድግ ይባል ነበር። በታላቅ ሰው ፊት ሸማን በወገብ አጣፍቶ ለአገልግሎት መቆምም ማደግደግ ይባላል። «ታጠቀ» የሚለው ቃል ወገብን ማሰርንም፣ መሣሪያ መያዝንም፣ ለሥራ መነሣትንም ባንድነት ይገልጻል። ከ1847 እስከ 1860 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ቴዎድሮስ የፈረሳቸው ስም «ታጠቅ» እንደ ነበርና እርሳቸውም «አባ ታጠቅ» እንደ ተባሉ የሚታወስ ነው።

ከደቡብ ኦሞ ወደ አዲስ አበባ ስንመለስ አርባ ምንጭን አልፈን ወደ ጨንቻ ተራራ ወጣን። በዚያ የሚገኙት ዶርዜዎች በሽመና ሥራ በመላው አገር የታወቁ ናቸው። ጥጡ በመዳመጫ ተዳምጦ ፍሬው ይለያል፤ በደጋን ተነድፎ ባዘቶ ይሆናል፤ ከዚያም ሴቶቹ በእንዝርት ይፈትሉታል። ሸማኔው ድሩን አድርቶ ከመሸመኛው ላይ ይወጥርና እግሩን ከጕድጓድ ውስጥ አስገብቶ ይቀመጣል። በእግሩ እየረገጠ ድሩን ይከፍላል፤ በእጁ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ይወረውራል። በዛሬው ጊዜ ለድሩ የፋብሪካ ክር መጠቀም የተለመደ ነው፤ ማጉ የእጅ ፈትል ሲሆን ግን መቀነቱ ሰውነት ላይ ይለሰልሳል፣ ሲታሰርም አይንሸራተትም። ጥለቱ የሚያርፈው በጫፎቹ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ከተጠመጠመ በኋላ የሚታየው ጫፉ ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ተረት ከሸማኔ አጠገብ ተቀምጦ እንደ ማየት የሚያስረዳ የለም።

አስተሳሰሩን ያላወቀ ሰው መቀነቱ ወይ ይፈታበታል፣ ወይ ያስጨንቀዋል። ስለዚህ ከእናቶች ያየነውን እንንገራችሁ። በመጀመሪያ መቀነቱን በቁመቱ አጥፉና ወርዱን ከአራት ጣት እስከ አንድ ስንዝር አድርጉት። አንዱን ጫፍ ከጎን ይዛችሁ፣ ትንፋሽ ስባችሁ ሳለ የመጀመሪያውን ዙር ጠምጥሙ። ይህ ዙር ጠበቅ ማለት አለበት፤ የቀረውን ሁሉ የሚሸከም እርሱ ነውና። የሚቀጥለው ዙር ያለፈውን በግማሽ እየሸፈነ ይውጣ። ጫፉን ከላይ ወደ ታች በዙሮቹ መካከል ወሽቁት፤ ጥለቱ ከጎን በኩል ይንጠልጠል። ሁለት ጣት ከሥሩ የማይገባ ከሆነ ከልክ በላይ ጠብቋልና አላሉት። ሥራ ያላት ሴት ወደ ዳሌዋ ዝቅ አድርጋ ትሰረው፤ ለበዓል የለበሰች ደግሞ ከወገቧ ቅጥነት ላይ ብታሳርፈው ቀሚሱ ያምርባታል።

በከተማ በጉርድም ሆነ በቀሚስ ላይ ሰፋ ያለ መቀነት ለማሰር የሚሹ እኅቶች በቤታቸው ሊሰፉት ይችላሉ። አዲስ ጨርቅ መግዛት የግድ አይደለም፤ መካከሉ ያረጀ ነጠላ ጥለቱ ደኅና ከሆነ ይበቃል። ወገቧ 75 ሳንቲሜትር ለሆነ ሴት፣ 50 ሳንቲሜትር ርዝመት ያለው፣ ከመካከሉ 14፣ ከሁለቱ ጫፎች 6 ሳንቲሜትር ወርድ ያለው ቅድ ይዘጋጅ። ለገበሩም በዚሁ ልክ አቡጀዲ ይቆረጥ። ማሰሪያዎቹ ሁለት ሲሆኑ እያንዳንዳቸው 120 ሳንቲሜትር ይርዘሙ፤ ወርዳቸውም 6 ሳንቲሜትር ይሁን። ለስፌቱ በየዳሩ አንድ አንድ ሳንቲሜትር መጨመር አይረሳ። ማሰሪያዎቹ በመጀመሪያ ዳር ዳራቸው ተቀምቅሞ ከጥለቱ ጨርቅ ጫፎች ጋር ይያያዙ። ከዚያም ጥለቱና ገበሩ ፊት ለፊት ተገጣጥመው፣ ማሰሪያዎቹ ወደ ውስጥ ገብተው ይሰፉ፤ 10 ሳንቲሜትር ያህል ክፍት ቦታ ይተው። በዚያ በኩል ተገልብጦ በካውያ ከተተኰሰ በኋላ ክፍቱ በእጅ ይሰፋ። ሲታሰር ሰፊው ክፍል ከፊት ይሆናል፤ ማሰሪያዎቹ ከጀርባ ተላልፈው ወደ ፊት ይመለሱና ከጎን ይቋጠራሉ።

ይህን የመሰለው ሰፊ መቀነት በሌላውም ዓለም የተከበረ ነው። ጃፓኖች በኪሞኖ ላይ የሚያስሩት ኦቢ 30 ሳንቲሜትር ያህል ወርድ ያለው ሲሆን፣ ርዝመቱ ከ4 ሜትር የሚያልፍ አለ። አስተሳሰሩም ራሱን የቻለ ትምህርት ሆኖ ከእናት ወደ ልጅ፣ ከመምህር ወደ ተማሪ ይተላለፋል። የእኛው መቀነት ግን አስተማሪ እያጣ የሚሄድ ይመስላል።

አዲስ አበባ ደርሰን ሽሮ ሜዳ ገበያ ውስጥ ስንዘዋወር ያሳሰበን ይህ ነው። ከሸማኔው ጥለት ጎን ለጎን በፋብሪካ የታተመ የጥለት አምሳያ ተሰቅሏል። ዋጋው ዝቅ ያለ ነው፤ ከሩቅ ሲያዩትም ያታልላል። ገዢው እጁን ሳያሳርፍ በዓይኑ ብቻ ከገዛ፣ ቀኑን ሙሉ ከጕድጓድ ውስጥ ተቀምጦ የሚውለው ሸማኔና እንዝርት የምታሾረው ፈታይ እንጀራቸውን ያጣሉ። ለመለየት ግን ቀላል ነው፤ ጨርቁን ገልብጦ ማየት ብቻ ነው። የተሸመነ ጥለት ክሩ ከጀርባውም ይታያል፣ በጣትም ይዳሰሳል፤ የታተመው ግን ጀርባው ባዶ ነው።

የኮልቾው ጎልማሳ ጨርቁን ሲያስር ለእኛ ለማሳየት ብሎ አልነበረም፤ መንገድ ስለ ነበረበት ነው። እናቶቻችንም መቀነታቸውን ያጠበቁት ሥራ ስለ ነበረባቸው ነው። ውበቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እንግዲህ በመጪው በዓል መቀነት የምትታጠቅ እኅት ሁሉ፣ ከመታጠቋ በፊት ጨርቁን ገልብጣ ትይ፤ እናቷ በሕይወት ካሉም ቀርባ «እንዴት ነበር የምታስሪው?» ብላ ትጠይቅ። ምናልባት ከአስተሳሰሩ ጋር የዚያች ቋጠሮ ታሪክ አብሮ ይፈታላት ይሆናል።